መሃል አዲስ አበባ ጥሩ የምግብ ገበያ እንዴት ይገኛል? ከጉሊት እስከ መርካቶ

ከምኒልክ አደባባይ ወደ ልደታ የሚወርደውን የቀላል ባቡር መስመር አስቡት። የጣቢያዎቹ ስም በተራ አትክልት ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ ይላል። ግን ስሙን አምኖ አትክልት ተራ የወረደ ሰው የድሮውን የአትክልት ጅምላ ገበያ አያገኘውም። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ስሙ ብቻ ፒያሳ ቀረ።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አዲስ ሰው መሃል ከተማ ቤት ሲከራይ «ጥሩ ቅቤ የት ይገኛል? ጥሩ በርበሬስ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ አድራሻ ነው። አድራሻው ግን አይበረክትም። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ካዛንቺስም ብዙው ተነስቷል። የዛሬ አምስት ዓመት የተነገራችሁ ሱቅ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ዕቃውን መለየት ተማሩ፣ ከዚያ ሻጩን ያዙ። ሱቁ ቢነሳ እንኳ ሰውየው ስልክ አለው።

እንዴት እንደሚደረግ በተራ ልንገራችሁ።

1. ከደጃችሁ ጀምሩ

የመጀመሪያውን ሳምንት መርካቶ አትሂዱ። ሰፈራችሁን ዙሩ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ። ጉሊት የሚቀመጡትን እናቶች ተመልከቱ። የማን መደብ ቶሎ ያልቃል? ማን ጋ ነው ሰው ቆሞ ሰላም የሚለው? የትናንቱን ቲማቲም ከዛሬው ጋር የምትቀላቅል አለች፣ ለይታ በርካሽ የምትሸጥም አለች። ሁለተኛዋን ያዙ።

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሎሚ ከጉሊት ይገዛል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ገበያ የለም። አንድ መደብ ቲማቲም፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ትገዛላችሁ፣ የሚበላሽ ነገር አይኖርም። ትንሽ ስትላመዱ ምርቃቱም ይመጣል፦ «እንቺ የኔ ልጅ፣ ይቺን ቃሪያ ጨምሪ።»

ጎረቤት ስትጠይቁ ደግሞ አጠያየቁን እወቁበት። «ጥሩ ሥጋ ቤት የት አለ?» ካላችሁ ሰው የሰማውን ይነግራችኋል። «እርስዎ ከማን ነው የሚገዙት?» ካላችሁ ግን የሚያውቀውን ይነግራችኋል። የኔ አከራይ ለመጀመሪያው ጥያቄ የአንድ ትልቅ ሥጋ ቤት ስም ጠሩልኝ። ሁለተኛውን ስጠይቃቸው ሳቁና አንዲት ጠባብ፣ ስም እንኳ ያልተጻፈባት ሱቅ ጠቆሙኝ። እስካሁን ከዚያ ነው የምገዛው።

የሸማቾች ሱቃችሁ የት እንደሆነም ጠይቁ። ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ አንዳንዴም ጤፍ ይመጣል። ሁልጊዜ አይኖርም፣ ሲገባ ቶሎ ያልቃል። የእሁድ ገበያ በአቅራቢያችሁ ካለ ደግሞ ዘንቢል ይዛችሁ በጠዋት ውጡ። ድንች፣ ሽንኩርትና እንቁላል ከሱቅ ረከስ ብሎ ይገኛል። ከረፋዱ በኋላ የሚቀረው የተመረጠበት ነው።

2. የዕቃውን አገር ጠርታችሁ ጠይቁ

«ጤፍ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላዋቂ መሆኑን በአንድ ቃል ተናገረ። «የአድአ ማኛ አለ?» ካላችሁ ነገሩ ይለወጣል። ነጋዴው ቀና ብሎ ያያችኋል። ጥቂት ስሞች መያዝ ይበቃል።

ጤፍ፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። ከአድአ፣ ከምንጃር፣ ከበቾ፣ ከጎጃም ይመጣል። በርበሬ፦ ማረቆ ስሙ የገነነ ነው፤ የአላባም አለ። ቅቤ፦ የሸኖ፣ የጎጃም፣ የወለጋ። ቡና፦ ሐረር፣ ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ጅማ፣ ወለጋ። ማር፦ ከትግራይና ከላስታ ነጩ፣ ከከፋ ደግሞ የጫካው። ዓሣ ከባቱና ከአርባ ምንጭ ይገባል።

ስሙን መጥራት ብቻውን ግን አያድናችሁም። በርበሬ ሁሉ «ማረቆ ነው»፣ ቅቤ ሁሉ «ሸኖ ነው» ይባላል። ስሙ ወሬ ለመክፈቻ ነው። መለየቱ የእጅ፣ የአፍንጫና የዓይን ሥራ ነው፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

3. ቀኑን ምረጡ

በእኛ አገር የገበያ ዋጋ የጾሙን ካላንደር ይከተላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል። ቅቤ የሚገዛው ያኔ ነው፣ በጾሙ አጋማሽ። ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሄደ ሰው ቅቤም፣ እንቁላልም፣ ዶሮም፣ ቀይ ሽንኩርትም በአንድ ቀን ሲሰቀልበት ያያል። ምስርና ሽሮ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ግዟቸው።

ጤፍ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ በደንብ ይገባል። የዓመቱን መግዛት ለሚችል ጊዜው ያ ነው። በቆሎ እሸትና በለስ ደግሞ ክረምቱ ራሱ መንገድ ዳር ያወጣቸዋል፣ ፈልጉ አይባልም።

መርካቶ ቅዳሜ ይጨናነቃል፣ እሁድ አብዛኛው ዝግ ነው። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብዙ ነጋዴ ወደ አንዋር መስጊድ ለጁምዓ ይሄዳል። ለጀማሪ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ ይሻላል። ነጋዴው አልደከመውም፣ ለማስረዳትም ጊዜ አለው።

4. መርካቶ፦ ተራውን እንጂ ሱቁን አትፈልጉ

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን ይዞ በነበረበት ጊዜ ወደ ምዕራብ አሻገረው፣ መርካቶ የሚለውም ስም ከዚያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ገበያው በ«ተራ» እና በ«በረንዳ» ነው የሚጠራው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ይህ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው። አሥር ሻጭ ጎን ለጎን ካለ ዋጋም ጥራትም ለማወዳደር አሥር እርምጃ ይበቃል።

ስለዚህ ከታክሲ ስትወርዱ የምትጠይቁት «በርበሬ በረንዳ በየት ነው?» ወይም «እህል በረንዳ የት ነው?» ብላችሁ ነው። ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ጠይቁ። «ኑ ላሳያችሁ» ብሎ አብሮ የሚሄድ ሰው ካጋጠማችሁ በአክብሮት እምቢ በሉ፤ የደላላው ድርሻ ዋጋው ላይ ይመጣል። ሽማግሌ ነጋዴን «ጋሼ» ወይም «ሐጂ» ብሎ ሰላም ማለት ከየትኛውም ክርክር በላይ ይሠራል። ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ፣ ስልካችሁን አታውጡ።

ከመጀመሪያው ሱቅ አትግዙ። ሦስት ቦታ ጠይቁ፣ ምንም ሳትገዙ። ከዚያ ተመልሳችሁ ዕቃውን ያለ ቁጣ ያስነካችሁ ጋ «መጨረሻው ስንት ነው?» በሉ። ከጆንያው ውስጥ እጅ ማስገባት የሚከለክል ነጋዴ ጋ ዋጋው ምንም ቢረክስ እለፉ።

አንድ የሚዛን ዘዴ አለኝ። ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውሃ ሁልጊዜ ዘንቢሌ ውስጥ አለ። ሚዛኑ ካጠራጠረኝ «ይቺን እስቲ አስቀምጥልኝ» እላለሁ። ከነጠርሙሱ ከ1 ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ማሳየት አለበት። ብዙ ራቅ ካለ ሚዛኑ ችግር አለበት። መጨቃጨቅ አያስፈልግም፣ ውሃዬን ይዤ እሄዳለሁ።

በርበሬ፦ ዛላውን ግዙ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ በዝቶብኝ ከአንድ ሱቅ የተፈጨ በርበሬ ገዛሁ። ቀለሙ እሳት ይመስላል። ወጥ ስሠራበት ግን ቁሌቱ አልያያዝ አለ። ዘይቱ ቀልቶ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ከድስቱ ሥር አሸዋ የመሰለ ነገር ተቀመጠ። አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጠበጥኩት። ከሥር የዘቀጠውን በጣቴ ሳሸው ያንኮሻኩሻል። ልጆቼን ያንን እንዳበላኋቸው ሳስብ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የተፈጨ አልገዛም።

ዛላ በርበሬ ስትመርጡ ከላይ ያለውን ተዉት። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ወደ ጆንያው አስገቡና ከመሃል አውጡ። ጨብጡት። በደንብ የደረቀ በርበሬ ይንኮሻኮሻል። ዝም ብሎ ከተጣጠፈ እርጥበት አለው፤ ወይ አልደረቀም፣ ወይ ኪሎው እንዲከብድ ውሃ ተረጭቶበታል። የማረቆው ዛላ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ነጣ ነጣ ያለበትን አትውሰዱ።

ከዚያ አንዱን ቀዱትና ውስጡን እዩ። የማትዘሉት ደረጃ ይሄ ነው። ውስጡ የሚያበራ፣ ፍሬው ቢጫ መሆን አለበት። ግራጫ ወይም ጥቁር ብናኝ ካያችሁ ሻጋታ ነው። በሻገተ በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፣ ጉበት ይጎዳል። ብታበስሉትም አይጠፋም። ሁለተኛ ዛላ፣ ሦስተኛም ቅደዱ። ነጋዴው ቢቆጣ ይቆጣ።

ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጥምዝ በዚያው ጉዞ ይገዛል። ኮረሪማውን ከነልጣጩ ውሰዱ፣ አንዱን ሰብራችሁ አሽትቱ። አፍንጫችሁን ካልሞላው አሮጌ ነው።

ጤፍና ወፍጮ ቤት

ጤፍ በመዳፍ ይታያል። አንድ እፍኝ ይዛችሁ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያፈሰሳችሁ እፍ በሉበት። ገለባው ይሄዳል። ከዚያ ጤፉን አፍስሱና መዳፋችሁን ተመልከቱ፤ አቧራ ከቀረ በደንብ አልተበጠረም። ትንሽ ቆንጥራችሁ በፊት ጥርሳችሁ አኝኩ። አሸዋ ካለ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ እህላችሁን ትታችሁ አትውጡ። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በቆሎ ወይም ገብስ ከነበረ ወፍጮው በደንብ እስኪጸዳ ጠብቁ። ለበርበሬ ደግሞ በርበሬ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ይሻላል። መቆሙ ያሰለቻል፣ አቧራውም አለ። ግን ጥሩ እህል ገዝቶ ወፍጮ ላይ ማበላሸት ከሁሉ ይቆጫል።

5. ቅቤ፦ ሾላ ገበያ

ከመሃል ከተማ ወደ መገናኛ ስትሄዱ ሾላ ገበያ አለ። ቅቤና አይብ ሲነሳ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ሾላን ይጠራል። እኔም ቅቤ መለየት የተማርኩት እዚያ ነው፣ ከአንዲት በዕድሜ ጠና ካሉ ሻጭ። በኮባ የተጠቀለለውን ገለጥ አደረጉና በቢላ ጫፍ ቆንጥረው በእጄ ጀርባ ላይ አኖሩልኝ። «መጀመሪያ እሺው፣ ከዚያ አሽትቺው» አሉኝ።

ያልተቀላቀለ ቅቤ በሰውነት ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል። ስታሹት ይጠፋል፣ ቆዳችሁ ያበራል። እንደ ሻማ የሚጋገር ከሆነ የሚረጋ የአትክልት ዘይት ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከጣታችሁ ሥር የሚንከባለል ጥራጥሬ ወይም ለጥላጣ ነገር ካገኛችሁ ሙዝ ወይም ዱቄት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቢላውን ጫን እንዲያደርጉት ጠይቁ። ውሃ ብዙ ከወጣ የምትከፍሉት ለውሃ ነው። ሽታውን በተመለከተ ለጋው ለስለስ ያለ መዓዛ አለው፣ በሳሉ ጠንከር ይላል። ሁለቱም ጥሩ ቅቤ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጀማሪ ግን ለጋውን እመክራለሁ፣ በሳል ጠረን ብዙ ነገር ይሸፍናል።

መጨረሻው ፈተና ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሩብ ኪሎ ብቻ ግዙ። ቤት ወስዳችሁ በቀስታ እሳት አንጥሩት። አረፋው ሲረግብ ንጹሕና ወርቃማ ሆኖ መታየት አለበት። ከሥር ትንሽ ዝቃጭ መቅረቱ ያለ ነው። ብዙ ዝቃጭ ካለና ድስቱ ላይ ከተጣበቀ፣ ካረረም፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ጥሩ ከሆነ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ሁለት ኪሎ ግዙ፤ ኮሰረት፣ ኮረሪማና አብሽ ጨምራችሁ የዓመቱን አንጥሩ።

6. ሥጋና ዓሣ

ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ አለ፣ የማን እርድ እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል። ከዚያ የተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራውን ማኅተም ፈልጉ። ማኅተም ከሌለው ሥጋው አልተመረመረም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ጥሬ ለመብላት ለሚፈልግ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

«አንድ ኪሎ ሥጋ» አትበሉ። የምትሠሩትን ተናገሩ። ለጥብስ ሽንጥ ወይም ዳቢት፣ ለቅቅል ጎድንና ቅልጥም፣ ለክትፎ ጅማት የሌለው ቀይ ሥጋ። ሥጋ ቆራጩ የምታውቁ ሲመስለው ቢላው ራሱ ቦታውን ይቀይራል። ሮብና አርብ ብዙው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ። ለበዓል ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ቅርጫ ካለ ግቡበት። በሬውን በቁሙ አይታችሁ ትካፈላላችሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ?

ዓሣ ላይ አጭር ነኝ። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ ይሁን። ሐዋሳ ከሄዳችሁ ግን አሞራ ገደል ላይ ሐይቁ ዳር ብሉት። አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ የጠበሰው ነው።

7. ቡና፣ ማርና ሱፐርማርኬት

ጥሬ ቡና ስትገዙ የተሰባበረውንና የጠቆረውን ቁጠሩ። ከአንድ እፍኝ ውስጥ ጥቂት ከሆነ ይግባባል፣ ብዙ ከሆነ ተዉት። መቁላት ለማይመቸው ፒያሳ ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና እየቆላ ይሸጣል። ፍሬውን ግዙና ቤታችሁ ፍጩ፣ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይሄዳል።

ማር ሲረጋ «ስኳር ገብቶበታል» ብላችሁ አትመልሱት። ንጹሕ ማርም ይረጋል። በክብሪት መሞከሩንም ተዉት፣ ምንም አይነግራችሁም። ማር ላይ የሚያዋጣው ከነሰፈፉ መግዛት ነው፣ ወይም የምታምኑት ሰው ነው።

ሱፐርማርኬት ለታሸገ ወተት፣ ለፓስታ፣ ለታሸገ ዘይት ጥሩ ነው። ቀኑን እዩ፣ ማቀዝቀዣው በትክክል መሥራቱን በእጃችሁ ንኩ። መብራት ጠፍቶ የዋለበት ቀን ማታ የወተት ተዋጽኦ አትግዙ። ጥሬ ወተት ከጎረቤት ላም የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሳይፈላ አይጠጣ።

8. ደንበኛ አድርጉ፣ ደንበኛ ሁኑ

ጥሩ ሻጭ ስታገኙ መጀመሪያ ትንሽ ግዙ። ሁለተኛ ጊዜ ተመለሱና ያለፈው እንዴት እንደነበረ ንገሩት። «ያለፈው በርበሬ ቆንጆ ነበር፣ ወጡን ያዘልኝ» ማለት ምንም አያስከፍልም። ነጋዴ ይህን የሚነግረው ሰው እምብዛም የለም። መጥፎ ከነበረም ሂዱ። ከዕቃው ትንሽ ይዛችሁ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ድምፅ ሳታሰሙ አሳዩት። እንዴት እንደሚመልስላችሁ እዩ። የሚለውጥላችሁን ወይም «ተታልዬ ነው» ብሎ ምንጩን የሚነግራችሁን ሰው አትልቀቁት። የሚጮህባችሁን እርሱት።

ስልኩን ውሰዱ። በወረቀትም ጻፉት፣ ስልክ ይጠፋል። ሱቁ ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ስትሰሙ ደውላችሁ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ሻጮቼን ተከትዬ ሰፈር ቀይሬአለሁ፣ አንደኛው አሁን ሁለት ታክሲ ይወስዳል። ግን ሰውዬው ያው ነው፣ ዕቃውም ያው ነው።

የሾላዋ ቅቤ ሻጭ አሁን ራሳቸው ይደውሉልኛል። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ገና ቡና እየቆላሁ ስልኬ ጮኸ። «ዛሬ የገባው ጥሩ ነው፣ ሁለት ኪሎ ለይቼልሻለሁ። ነገ እንዳትይ» አሉ፣ ዘጉት።